እንደ ወትሮው ቡድን

«ሴትዮዋ ሰዓቱን ለሌላ ሰው እያሰሩት ነው» ሲባል እትዬ ማዞሪያ የሰሙት፣ ሆዳቸው ላይ የሚቀዘቅዝ ቅባት ተቀብቶ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ደረታቸው ሰብስበው በጠባቡ የምርመራ አልጋ ላይ እንደተጋደሙ ነው። በእሳቸውና በተናጋሪው መካከል የነበረው አንድ አረንጓዴ መጋረጃ ብቻ ነው፤ ያውም ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ የሰው ጥላ የሚያሳልፍ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ማዞሪያ ጆሮ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሰለጠነ ነው። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው የኃላፊዎችን ጠብ፣ የጸሐፊዎችን ፍቅር፣ የንብረት ሹሙን የውሸት ሕመም ሁሉ እየሰሙ፣ እንዳልሰሙ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው ተከትሏቸው የመጣ ነው። እናም «ሴትዮዋ» የተባሉት እሳቸው መሆናቸውን ወዲያው ዐወቁ። እንደ ልማዳቸው ግን ትንፋሻቸውን እንኳ አልለወጡም።

ተናጋሪው ወጣቱ ተመራማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሲመጡ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚጨብጣቸው። አሁን ግን ስድስት ወር የለፋበት ነገር ዓይኑ እያየ ሲበላሽበት የሚያይ ሰው ድምፅ ነበረው። «አሥራ ስድስት ሺህ!» ይላል። «የስድሳ ስምንት ዓመት እናት በቀን አሥራ ስድስት ሺህ እርምጃ! ሠላሳ አራት ፎቅ ደረጃ! ስፖርት ከሚሠሩት አንደኛ የወጡት ሰውዬ እንኳ ዘጠኝ ሺህ አልሞሉም። እሳቸው ደግሞ ያሉት እንደ ወትሮው ቡድን ውስጥ ነው። ቅጻቸው በቀን አሥር ሰዓት ይቀመጣሉ ነው የሚለው።» ሲስተሯ ቀስ ብላ፣ «ምናልባት ቤት ውስጥ ሥራ ይበዛባቸው ይሆናል» አለች። «ሠራተኛ አለ ይላል እኮ! ልጃቸው ናት የሞላችው። ልጅ እናቷን ሳታውቅ ትሞላለች?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈና ጉበታቸው ላይ ስብ የተጠራቀመባቸውን መቶ ሃያ ሰዎች መዝግቦ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አሠልጣኝ ተቀጥሮለት፣ ውኃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ እያነሳ፣ ወንበር ይዞ ቁጢጥ ብድግ እያለ ስፖርት ይሠራል። ግማሹ ደግሞ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምር እንደ ወትሮው ይኖራል። ሁሉም እጁ ላይ ጥቁር የጎማ ሰዓት ያስራል፤ ሰዓቱ እርምጃ ይቆጥራል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሲስተሯ ሰዓቱን ከኮምፒውተር ጋር እያገናኘች ትመልስላቸው ነበር እንጂ እስከ ዛሬ ቁጥሩን ዓይኔ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ጉበት የሚለካበት፣ ውጤት የሚነገርበት። ጥናቱን የጨረሰ ሰው ከእንግዲህ ለሁለት ዓመት የማክሰኞው የጉበት ክሊኒክ በነፃ ይከታተለዋል።

እትዬ ማዞሪያ ይህን ማክሰኞ ቀን እየቆጠሩ ነው የጠበቁት። ታላቅ ወንድማቸው መጠጥ በአፉ ሳይዞር፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ በጉበት ነው የሞተው። ለቀስተኛው በጓሮ «በድብቅ ይጠጣ ነበር ማለት ነው» ሲል ሰምተዋል፤ ያኔም ሰምተው ዝም አሉ። የዛሬ ስድስት ወር የእሳቸው ጉበት ሲለካ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ወጣ። ሲስተሯ እንዳስረዳቻቸው ቁጥሩ ዝቅ እያለ ከሄደ ጉበቱ እያገገመ ነው፤ አሥርን ተሻግሮ ወደ ላይ ከወጣ ግን ጉበቱ ላይ ያለው ጠባሳ እየጠነከረ ነውና ቶሎ መያዝ አለበት። ስድስት ወር ሙሉ ጀሪካን በተሸከሙ ቁጥር፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር፣ ይቺን ቁጥር ነው ሲያስቧት የከረሙት። ቅድም ባለሙያዋ ጎናቸውን እንደ ኩርኩም ቶክ ቶክ በሚያደርገው መሣሪያ ለክታ ስትጨርስ ወረቀት ላይ ጻፈች። «ስንት ሆነ ልጄ?» ቢሏት «ዶክተሩ ይነግሩዎታል» ብላ ወረቀቱን ይዛ ወጣች፤ ቅባቱን የሚጠርጉበት ሶፍት እንኳ ሳትሰጣቸው። ብዕሯ ሲነሳና ሲያርፍ ሰምተዋል። ከነጥቡ በፊት አንድ አኃዝ ይሁን ሁለት ግን መለየት አልቻሉም።

«ልጃቸው ጋ ደውዪ» አለ ተመራማሪው። «ድምፁን ልቀቂው፣ እየጻፍኩ ልስማ።»

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ሲስተሯ ከሆስፒታል መሆኑን ስትናገር ልጃቸው ሳታስጨርሳት «እናቴ ምን ሆነች?» አለች፤ ድምጿ የእውነት ድንጋጤ ነበረበት። እትዬ ማዞሪያ አልጋው ላይ ሆነው ሆዳቸው ባባ። ወዲያው ግን ከድንጋጤው ኋላ ያለውን ሰሙ። የማኅተም ድብደባ፣ ተራ የሚጠራ የማሽን ድምፅ፣ አጠገቧ ያለች ሴት ሳቅ። ባንክ ነው ያለችው፣ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ። ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፅ ብቻውን ከሆነ ሰው ድምፅ ይለያል፤ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ይኮራል። እትዬ ማዞሪያ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

«ኧረ ደህና ናቸው፣ አይደንግጡ። ለጥናቱ አንድ ነገር ለማጣራት ነው። እናትዎ ቤት ውስጥ ብዙ ይንቀሳቀሳሉ? የቤት ሥራ፣ ደረጃ መውጣት መውረድ ምናምን?»

ማኅተሙ አንድ ጊዜ መታ።

«እናቴ? ኧረ ምን ሠርታ! ቤት ቁጭ ነው የምትውለው፣ ምንም አታደርግም። ለሥራው ሰው አለን እኮ።»

«ሰዓታቸው ብዙ እርምጃ ስለሚያሳይ ነው የጠየቅንዎት።»

«ውይ፣ ልጄ ትሆናለቻ! የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ሰዓት ካየች አታልፍም። እማዬ ደግሞ ትወዳታለች፣ እምቢ አትላትም» አለችና ሳቀች። አጠገቧ ያለችውም ሴት ሳቀች።

«ሰው አለን» የተባለችው ሠራተኛ የተሸኘችው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እትዬ ማዞሪያ ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ነው። «እቤት የማታውቂው ሰው ሲገባ ሲወጣ ይረብሽሻል እማዬ» ነበር የተባለው። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ተነስቶ ቁርስ የሚሠራው፣ የልጅ ልጃቸውን ሚጢጢን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመልሰው፣ የቧንቧ ውኃ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አልወጣ ሲል ከምድር ቤት በጀሪካን ወደ አራተኛ የሚያወጣው፣ ልብስ አጥቦ ጣሪያ ላይ የሚያሰጣው ማን እንደሆነ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ባንክ ቤት ግን የሚታወቀው ሌላ ነው። ባንክ ቤት ልጃቸው እናቷን አስቀምጣ የምትጦር፣ የተመረቀች ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት አለቃዋ ቤት ድረስ መጥቶ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠኝ» ብሎ ሲመርቃት፣ እትዬ ማዞሪያ ሽርጣቸውን ፈትተው ሳሎን ተቀምጠው «አሜን» ብለዋል። ያን ቀን እንኳ ሻዩን ያፈሉት እሳቸው ናቸው፤ እንግዳው ሳይመጣ ፈልቶ ፔርሙስ ውስጥ ገብቶ ነበር።

መጋረጃው ተከፈተና ተመራማሪው ገባ። ፊቱ ቀልቷል። ሲስተሯ ከኋላው ፋይል ታቅፋ ቆመች። እትዬ ማዞሪያ ቀሚሳቸውን ከነቅባቱ አውርደው ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎትና እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም። ሰዓቱን ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ የሚያስሩት?»

እውነቱ ቀላል ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር፤ በረኪና የላጠው ጣታቸው፣ የጀሪካን እጀታ መዳፋቸው ላይ ያወጣው ኪንታሮት የመሰለ ጓጉላ ከማንም ምስክር በላይ ነው። «ያቺ ሠራተኛ እኔ ነኝ» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። ያኔ ግን ይህ ልጅ እግር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌላ ቅጽ ያወጣል፤ ልጅሽ ለምን ዋሸች ይላል፣ መልሶ ይደውላል፣ ድምፁንም ይለቀዋል፤ ያቺ አጠገቧ የምትስቅ ሴትም ትሰማለች። ጉበትና ገመና ተመዛዘኑ። እናት የሆነ ሰው የትኛው እንደሚደፋ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያስደስትም። እትዬ ማዞሪያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁና፣

«አዎ ልጄ» አሉ። «ልጅቷ ናት። ያምርባታል ብዬ አስርላት ነበር። ይቅር በሉኝ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄው ነው፤ ልዩነቱ እምዬ ራሷ ተቀብላ በራሷ ላይ መለጠፏ ነው። ተመራማሪው ተነፈሰ። «ስድስት ወር እኮ ነው እማማ፣ ሰው ሁሉ የለፋበት» አለ እንጂ አልተቆጣም። ሲስተሯ ነጠላው ውስጥ የገቡትን እጆች አየች፣ ቀና ብላም ፊታቸውን አየች፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ከዚያ ፋይሉን ከፍታ በቀይ እስክሪብቶ ዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።

«ውጤቴስ?» አሉ እትዬ ማዞሪያ።

«የተሰረዘ ሰው መረጃ አይወጣም እማማ፤ ደንቡ ነው። በመደበኛው ካርድ አውጥተው እንደ ማንኛውም ታካሚ ሊለኩ ይችላሉ። ወረፋው አራት ወር አካባቢ ነው።» ዋጋውንም ነገራቸው፤ የሁለት ወር ጡረታቸው ነው። ከዚያ አንጀቱ አልችል ብሎት ይመስላል፣ ከጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም በራሪ ወረቀት አንስቶ ሰጣቸው። ወረቀቱ ላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነጭ ጫማ ያደረገች ሴትዮ እየሳቀች ደረጃ ትወጣለች። «ይህን ያንብቡት» አላቸው ከልቡ። «ለጉበትዎ የሚሻለው እንቅስቃሴ ነው። ቁጭ ብሎ መዋሉን ይቀንሱ፤ ቢያንስ ቢያንስ ደረጃ መውጣት ይጀምሩ።»

«እሺ» አሉ፤ ሰዓቱንም ፈትተው አስረከቡ።

ግቢው ውስጥ ስፖርት ሠሪዎቹ ክብ ሠርተው ተሰብስበው የምስክር ወረቀት ይቀበሉ ነበር። አንደኛ የወጡት ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታቸው ሃምሳ አለቃው ናቸው፤ ተጨብጭቦላቸው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ፎጣ ተሸልመው ፎጣውን እንደ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አድርገውታል። እትዬ ማዞሪያን ሲያዩ ሮጥ ብለው መጡ፤ በሩጫቸው ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙና ቀሪውን በእግር ጨረሱት። ሃምሳ አለቃው ሰዓታቸውን እንዴት እንደሚያስቆጥሩ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ ኳስ ሲያዩ ሶፋቸው ላይ ተጋድመው ክንዳቸውን እንደ ወናፍ ከላይ ወደ ታች ያወዛውዙታል፤ ጭማሪ ሰዓት ካለ አሥር ሺህ ይጠጋሉ።

«ውጤት ስንት መጣ ማዞሪያ? የኔ ስድስት ነጥብ ስምንት! ዶክተሩ ለሌሎች አርአያ ነዎት አለኝ።»

«እኔን ሰርዘውኛል። ሰዓቱን ለሰው አስረሻል ብለው።»

ሃምሳ አለቃው የፎጣውን ጫፍ ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺን? አንቺን ነው ለሰው አሰርሽ ያሉት? ልግባና ልንገራቸው? ጀሪካኑን በዓይኔ በብረቱ የማየው እኔ ነኝ» አሉ።

«ተው። ከተናገርክ ያንተም ክንድ ይነሳል።»

ይህን ሲሰሙ ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ የጀመሩትን እግር መለሱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማዞሪያ» አሉ፤ የሚያዋጣ ነገር የሌለው ሰው ተረት ያዋጣል። እትዬ ማዞሪያ አልፈረዱባቸውም፤ ስድስት ነጥብ ስምንት ያለው ሰው ምን ብሎ ነገር ያነሳል?

ከሆስፒታሉ ትምህርት ቤቱ ድረስ የታክሲ ቆጥበው በእግራቸው ሄዱ። ሚጢጢን ከበሩ ተቀብለው ቦርሳዋን አንጠልጥለው፣ ዳቦ ገዝተው፣ ሳሙና ገዝተው ወደ ቤት አቀኑ። ልጅቷ መንገድ ላይ እጃቸውን ገልብጣ አየችና «ሰዓትሽስ?» አለች። ጥቁሩ ጎማ የነበረበት ቆዳ ነጣ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ቀርቷል። «አለቀበት» አሏት። «ባትሪው?» «አዎ፣ ባትሪው።» ልጅቷ አንድም ቀን ያንን ሰዓት አስራው አታውቅም። አንድ ጊዜ ለምናቸው «የመንግሥት ነው፣ አይነካም» ብለዋታል። አራት ፎቅ ሲወጡ ሦስተኛው ላይ እንደ ወትሮው ቆሙ፤ ግድግዳውን ደገፍ ብለው የቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ጫኑ። እዚያ ውስጥ ያለው ቁጥር ዘጠኝ ይሁን አሥራ ሦስት እሱ ብቻ ያውቃል።

ልጃቸው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እግሯን አሸች፣ ሚጢጢን ሳመች። እናቷን ግን ቶሎ አላየቻቸውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ስትፈልግ ቆየች። እትዬ ማዞሪያ ሩዙንና የድንች ሾርባውን አቀረቡ። ባሏ መስክ ሥራ ላይ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት ናቸው፤ ሚጢጢ ስታወራ ሁለቱ ይሰሟታል፣ ሚጢጢ ስትጎርስ ቤቱ ጭር ይላል። እትዬ ማዞሪያ ጠበቁ። ለልጃቸው ሰበብ አዘጋጅተውላት ነበር፤ ሰው አጠገቤ ነበረ ትላለች፣ አፌ አመለጠኝ ትላለች፣ እኔም ምን ችግር አለው እላታለሁ ብለው። እንዲያውም አንድ ቃል ትበቃቸው ነበር። ሚጢጢ በልታ ጨርሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። ልጃቸው ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አሽከረከረች።

«ሐኪም ቤት እንዴት ነበር?»

«ጨርሰሻል ብለውኛል።»

«ጨርሰሻል? ክትትል አለው አላሉም ነበር?»

«ለኔ የለውም አሉ።»

ልጃቸው ይህን ጊዜ ቀና አለች። እናቷ ፊት ላይ የሆነ ነገር ፈለገች፤ እትዬ ማዞሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት የለበሱትን ፊት ለብሰው ስለነበር ምንም አላገኘችም። ምንም አለማግኘቷም አቀለላት፤ ትከሻዋ ወረድ አለ፣ ከሾርባውም ጨመረች። «እሰይ፣ ደህና ብትሆኚ ነዋ የለቀቁሽ!» አለች። «እኔ እኮ አንቺ በየሳምንቱ ስትንከራተቺ እያየሁ አንጀቴን ትበዪው ነበር። ታዲያ እማዬ... ማክሰኞ ማክሰኞ ከእንግዲህ ነፃ ነሻ? የባለቤቴ እኅት ሕፃኑን የምትተውበት አጥታ ማክሰኞን ብቻ ያዙልኝ ስትል እናቴ ሐኪም ቤት አላት ብዬ ነበር የመለስኳት። ማክሰኞ ብቻ ነው። ስምንት ወሩ ነው፣ አያስቸግርም፣ ይተኛል አለችኝ። ምን ልበላት?»

ድሮ ማዞሪያ ላይ ሕግ ነበር። ሁለት ሰው ሲነጋገር ቆይቶ መስመሩ ጭር ካለ፣ ቴሌፎኒስቷ ገብታ «ጨርሰዋል?» ትላለች፤ በልቧ እስከ ሦስት ትቆጥራለች፤ መልስ ከሌለ ገመዱን ትነቅላለች። እትዬ ማዞሪያ ሳህኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረቡ።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ምኑን? ሾርባውን?»

«ማለት የፈለግሽውን።»

«አዎ። ምን ልበላት ታዲያ?»

«ትምጣ በያት» አሉ እትዬ ማዞሪያ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ከፍም ዝቅም አላለም። «እናቴ ቤት ቁጭ ነው የምትውለው፣ ምንም አታደርግም በያት።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። የልጃቸው ፊት ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላ ሲወጣ እትዬ ማዞሪያ አላዩም፤ ሳህኖቹን ይዘው ወደ ኩሽና ዞረው ነበር። ቧንቧውን ከፈቱት፤ ነፍሱ እንደምትወጣ ሰው አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። ከበሩ ኋላ ሁለቱን ጀሪካን አወጡ። የውጪውን በር ከፍተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከኋላቸው ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰሙ፤ ልጃቸው ተነስታለች።

አንድ አሉ በልባቸው። ሁለት አሉ። ሦስትን ትንሽ አዘገዩት።

ወንበሩ ተመልሶ ሲጮህ ሰሙ፤ ልጃቸው ተቀምጣለች። እትዬ ማዞሪያ ጀሪካኖቹን አንስተው ወረዱ።